ከ50 ቃላት እስከ 510 ሰዓት

ወልወል ላይ ተኩስ ሊከፈት ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ በኖቬምበር 1934፣ ኤጎን ኪሽ የተባለ የፕራግ ጋዜጠኛ ሜልበርን ወደብ ከቆመች መርከብ ላይ ዘለለ። (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ከመርከቧ እስከ ወደቡ ወለል ያለው ቁመት የዋዛ ስላልነበር እግሩ ተሰበረ። ሰውየው ሂትለርን በመቃወም የታወቀ ግራ ዘመም ነው፤ የመጣውም በፀረ ጦርነትና ፀረ ፋሺዝም ጉባኤ ላይ ሊናገር ነበር። የአውስትራሊያ መንግሥት ግን አገሬን አይረግጥም ብሏል። ፖሊሶች ከነስብራቱ አንስተው ወደ መርከቧ መለሱት።

መርከቧ ሲድኒ ስትደርስ ሌላ ዘዴ ተዘየደ። የእንግሊዝኛ ፈተና እንዳይሰጡት እንግሊዝኛ ይችላል። ሌሎችም የአውሮፓ ቋንቋዎች ይችላል። ስለዚህ በስኮትላንድ ጌሊክ የተጻፈ ጽሑፍ ተነበበለትና “እየሰማህ ጻፍ” ተባለ። ሊጽፍ አልቻለም፤ ወደቀ፤ የማይፈለግ መጤ ተብሎም ታሰረ። ነገሩ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሲደርስ ዳኞቹ የስኮትላንድ ጌሊክ በሕጉ አነጋገር “የአውሮፓ ቋንቋ” ሊባል አይችልም ብለው ፈተናውን ሻሩት። ኪሽ ነፃ ወጣ፤ ስኮትላንዳውያኑ ደግሞ ቋንቋችን ተዋረደ ብለው ተቆጡ።

ይህ በልጅነታችን “ዲክቴሽን” እያልን የተጨነቅንበት የቃል ጽሕፈት፣ አውስትራሊያ ውስጥ የአገር ድንበር ጠባቂ ነበር። በ1901 የወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ ባለሥልጣኑ 50 ቃላት ያሉት ጽሑፍ እንዲያነብና መጤው ሰምቶ እንዲጽፍ ያዛል። ቋንቋውን የሚመርጠው ፈታኙ ነው። ለቻይናዊው፣ ለሕንዳዊው፣ ለአፍሪካዊው የሚመረጥለት ቋንቋ ምን ጊዜም የማያውቀው ቋንቋ ነው። “ነጭ ያልሆነ አይገባም” ብሎ በግልጽ መጻፍ ለንደንን ከጃፓንና ከራሷ የሕንድ ተገዢዎች ጋር ስለሚያቀያይም፣ ቋንቋ የቀለም መጋረጃ ሆኖ ተዘረጋ። ከ1909 በኋላ ይህን ፈተና ያለፈ አንድ ሰው እንኳ የለም። ፈተናው የተሠራው እንዲጥል ነው፤ ሲጥልም ኖረ።

የነፃ እንግሊዝኛ ትምህርትን ታሪክ ከዚህ የጀመርኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ስደተኛን በቋንቋ ከበር የመለሰች ይህች አገር፣ ከኪሽ ዝላይ በኋላ 13 ዓመት ሲሞላ፣ ለስደተኛ በመንግሥት ወጪ ቋንቋ ማስተማር ጀመረች። ትምህርቱ እስከ ዛሬ አልተቋረጠም። ከዚህ የበለጠ ዕድሜ ያለው የዚህ ዓይነት የመንግሥት ፕሮግራም በሌላ አገር ማግኘት ያዳግታል።

አስተሳሰቡን የለወጠው ፍርሃት ነው። በፌብሩዋሪ 1942 የጃፓን አውሮፕላኖች ዳርዊንን ደበደቡ። ያን ግዙፍ ምድር ይጠብቅ የነበረው ሰው ቁጥር ሰባት ሚሊዮን ተኩል እንኳ አይሞላም። ጦርነቱ ሲያበቃ አዲስ የኢሚግሬሽን ሚኒስቴር ተቋቋመና አርተር ካልዌል የመጀመሪያው ሚኒስትር ሆነ። መፈክሩ አጭር ነው፦ ወይ ሕዝብ እንጨምራለን፣ ወይ እንጠፋለን። ካልዌል የሚፈልገው እንግሊዛውያንን ነበር፤ እነሱን የሚያመላልስ መርከብ ግን አልነበረም። በጀርመንና በኦስትሪያ ካምፖች በበኩሉ ወደ አገራቸው መመለስ ያልፈለጉ ወይም ያልቻሉ እጅግ ብዙ ተፈናቃዮች ተከማችተዋል። በጁላይ 1947 ካልዌል ከዓለም አቀፉ የስደተኞች ድርጅት ጋር ተፈራረመ፦ መርከቡን ድርጅቱ ያቀርባል፣ ሰዎቹን አውስትራሊያ ትመርጣለች።

ደግሞም መረጠች። “ጀነራል ስቱዋርት ሃይንትዘልማን” የምትባለው መርከብ በኦክቶበር መጨረሻ ከብሬመርሃቨን ተነሥታ በኖቬምበር 28 ፍሪማንትል ስትደርስ የያዘቻቸው ከ800 በላይ መንገደኞች ሁሉም ከባልቲክ አገሮች ማለትም ከሊቱዌኒያ፣ ከላትቪያና ከኢስቶኒያ ነበሩ። አብዛኞቹ ወጣትና ያላገቡ ናቸው። ፀጉራቸው ወርቃማ፣ ዓይናቸው ሰማያዊ የሆነው በብዛት ነው። ሕዝቡ “እንግሊዝኛ የማይናገር መጤ” የሚለውን ሐሳብ እንዲለምድ መጀመሪያ ለዓይን የሚስቡትን ማሳየት ይበጃል ተብሎ ነበር። ጋዜጦቹም “ውቦቹ ባልቶች” አሏቸው።

መንገደኞቹ ከፍሪማንትል ሜልበርን ተወስደው፣ ከዚያ በባቡር ተጭነው ቦኔጊላ ወረዱ። ቦኔጊላ በቪክቶሪያ ክፍለ አገር፣ ዎዶንጋ ከተማ አጠገብ፣ ሂዩም ከተባለው ሐይቅ ዳር የነበረ የጦር ሠራዊት ካምፕ ነው። ቤቶቹ ግድግዳም ጣሪያም ቆርቆሮ ናቸው። ጊዜው ዲሴምበር፣ የደቡቡ ምድር በጋ የሚጀምርበት ነው። ከበረዶ አገር የመጡት ሰዎች በጋለ ቆርቆሮ ሥር ተቀምጠው የመጀመሪያውን ትምህርት ጀመሩ።

ክፍሉን ላስበው። መምህሩ ሊቱዌንኛ አይችልም። ቢችል እንኳ ላትቪያዊው ምን ይሁን? በኋላ የመጡት ደግሞ ፖላንዳውያን፣ ዩክሬናውያን፣ ዩጎዝላቮችና ሃንጋሪያውያን ናቸው። አንድ አግዳሚ ላይ የአምስት አገር ሰው ተቀምጦ መተርጎም አይቻልም። ስለዚህ ትምህርቱ ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ በእንግሊዝኛ ብቻ ሆነ። መምህሩ በሩን እየከፈተ “በሩን እየከፈትኩ ነው” ይላል፤ ተማሪው ይደግማል። ሳንቲም አውጥቶ ይቆጥራል፤ ተማሪው ይቆጥራል። ሱቅ፣ ባቡር ጣቢያ፣ ፖስታ ቤት፣ ሐኪም ቤት እያንዳንዳቸው በክፍል ውስጥ እንደ ትንሽ ቴአትር ይሠራሉ። ሰዋስው የሚመጣው ሁኔታውን ተከትሎ ነው። ይህ ከችግር የተወለደ ዘዴ በኋላ በመጻሕፍት ተደራጅቶ ለሁለት አሥርተ ዓመታት ያህል የአገሪቱ መጤዎች ሁሉ የሚማሩበት ሆነ። እኛ አገር ከሰዋስው ጀምሮ ወደ ንግግር የሚሄደው መንገድ ስንቱን ዲዳ እንዳደረገ የሚያውቅ ሰው ይህን ቢቀናበት አይፈረድበትም።

ነፃ ነው ሲባል ግን ዋጋ አልነበረውም ማለት አይደለም። ተፈናቃዮቹ ለሁለት ዓመት መንግሥት በመደባቸው ቦታ ሊሠሩ ፈርመዋል። በመዝገቡ ላይ ወንዱ “የጉልበት ሠራተኛ”፣ ሴቷ “የቤት ሠራተኛ” ተብለው ተጻፉ። ሐኪሙም፣ መሐንዲሱም፣ የሕግ ሰውም ያው ነው። ትምህርቱ ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ አንዱ ሸንኮራ ቆረጣ፣ ሌላው እንጨት ቆረጣ፣ ሌላዋ ሆስፒታል ወለል ጠረጋ ተላከች። እንግሊዝኛው የተሰጠው አለቃው ሲያዝ እንዲሰሙ ነው፤ ሌላውን ጊዜ ያስተምራቸዋል ተብሎ ተተወ። እስከ 1950ዎቹ መጀመሪያ ድረስ 170,000 ያህል ተፈናቃዮች ገቡ። ካምፑ በ1971 እስኪዘጋ በቦኔጊላ ያለፉት ሰዎች ከ300,000 ይበልጣሉ። በጁላይ 1952 ሥራ ይሰጣችኋል ተብለው መጥተው ሥራ ያጡ ጣሊያናውያን በካምፑ ውስጥ ሁከት አስነሥተዋል። የካምፑን ምግብ በተመለከተ ደግሞ ሁሉም የሚያስታውሰው አንድ ነገር ነው፦ የበግ ሥጋ፣ ነጋ ጠባ የበግ ሥጋ።

ክፍሉ ከካምፑ አጥር ወጣ። መርከብ ላይ ትምህርት ተጀመረ፤ ተሳፋሪው ገና ሕንድ ውቅያኖስ ላይ እያለ ስሙንና ዕድሜውን በእንግሊዝኛ መናገር ይለማመዳል። በኤቢሲ ሬዲዮ ትምህርት ተላለፈ። በገጠር ለተበተኑት በፖስታ የሚላክ የተልእኮ ትምህርት ተዘጋጀ። በ1951 ፌዴራሉ መንግሥት ከክፍለ አገሮቹ ጋር ተስማማ፦ ገንዘቡን ካንቤራ ትከፍላለች፣ የማታ ትምህርቱን ክፍለ አገሮች ያካሂዳሉ። መጤዎቹም “አዲሶቹ አውስትራሊያውያን” የሚል ስም ወጣላቸው። ስሙ ክብር ይመስላል፤ ነገር ግን በጎረቤት አፍ ስድብ እስኪመስል ድረስ የሚለጠጥበት ጊዜም ነበር።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የማያስተውለውን ላንሣ። የ50 ቃላቱ ፈተና በዚህ ሁሉ ጊዜ አልተሻረም። በአንድ እጅ ሊቱዌኒያዊውን “ኤ፣ ቢ፣ ሲ” እያስተማረ በሌላው እጅ እስያዊውን በዲክቴሽን የሚጥለው ያው መንግሥት፣ እንዲያውም ያው ሚኒስትር ነው። በጦርነቱ ጊዜ ከኔዘርላንድስ ኢስት ኢንዲስ (ከዛሬዋ ኢንዶኔዥያ) ሸሽታ የገባች፣ ባሏን በጦርነቱ ያጣችና በኋላም አውስትራሊያዊ ያገባች አኒ ኦኪፍ የተባለች የስምንት ልጆች እናት ነበረች። ካልዌል ትውጣልኝ አለ። በማርች 1949 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ለእሷ ፈረደላት። ካልዌል ግን አልተበገረም፤ በዚያው ዓመት በጦርነት ጊዜ የገቡትን የሚያስወጣ አዲስ ሕግ አስጸደቀ። ፈተናው የተሰረዘው በ1958 ነው። ስለዚህ ለ11 ዓመት ያህል መምህሩና ፈታኙ ከአንድ ካዝና ደመወዝ ሲቀበሉ ኖረዋል ማለት ነው።

የ1950ዎቹና የ60ዎቹ ሰው ግሪክና ጣሊያን ነው። የስኖዊ ተራሮች የውሃ ኃይል ግንባታ ከ1949 እስከ 1974 ሲካሄድ ከ30 በላይ አገሮች የመጡ ከ100,000 በላይ ሠራተኞች ተሰማርተውበታል፤ 121 ሰዎች ሞተውበታል። በዋሻ ውስጥ ድማሚት ሊፈነዳ ሲል “ሽሽ!” የሚለውን ቃል አለማወቅ ምን እንደሚያስከትል ማስረዳት አያስፈልግም፤ እንግሊዝኛ እዚያ የሥራ መሣሪያ እንደ ራስ ቁር ነበር። በከተማ ግን ነገሩ ይዘገያል። ቀን ሙሉ መኪና መገጣጠሚያ ውስጥ የቆመ ሰው ማታ ወንበር ላይ ሲቀመጥ የሚመጣው እንቅልፍ ነው። ፋብሪካው ውስጥም ጣሊያኑ ከጣሊያን፣ ግሪኩ ከግሪክ ጎን ስለሚሠራ እንግሊዝኛ የሚያስፈልገው ደመወዝ ሲቀነስበት ብቻ ነው። ሴቶቹ ከፋብሪካ ወጥተው ወደ ድስትና ወደ ልጅ ነው የሚሮጡት። የማታ ክፍሎቹ በመስከረም ሞልተው በታኅሣሥ ባዶ እንደሚሆኑት የእኛ የማታ ትምህርት ቤቶች ነበሩ ብል ስሕተት አይሆንብኝም።

ለዚህ የተገኘው መልስ ቀስ እያለ መጣ። በ1969 የቀን ሙሉ ጊዜ ጥልቅ ኮርሶች ተከፈቱ። በ1971 የኢሚግሬሽን የትምህርት ሕግ ወጥቶ መንግሥት መጤን የማስተማር ግዴታው በአዋጅ ጸና። በ1973 የዊትላም መንግሥት ከነጭ አውስትራሊያ ፖሊሲ የተረፈውን ጠረገ። በዚያው አሥርተ ዓመት መካከል ደግሞ ከሁሉም የምወደው ሐሳብ ተጀመረ፦ ተማሪዋ ትምህርት ቤት መምጣት ካልቻለች መምህሯ ወደ ቤቷ ትሂድ። ፈቃደኛ ሴቶች አጭር ሥልጠና ወስደው በሳምንት አንዴ የአንዲት መጤ እናት በር ያንኳኩ ነበር። ትምህርቱ የሚሰጠው ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ፣ ሕፃን እያለቀሰ፣ ቡና እየፈላ ነው። ይህ የበጎ ፈቃድ ልማድ ስሙን እየቀያየረ ዛሬም አለ።

ከዚያ ጀልባዎቹ መጡ። በኤፕሪል 26 ቀን 1976 “ኪየን ጂያንግ” የምትባል አሮጌ የእንጨት ጀልባ አምስት ሰዎች ይዛ ዳርዊን ደረሰች። መሪዋ ላም ቢን የተባለ የ25 ዓመት ቬትናማዊ ነው። ካርታ ብሎ የያዘው ከትምህርት ቤት አትላስ የተገነጠለ ገጽ ነበር። የኢሚግሬሽን ሹሙ ጀልባዋ ላይ ሲወጣ፣ ላም ቢን በባሕር ላይ ሲለማመደው የሰነበተውን የእንግሊዝኛ ንግግር አቀረበ፦ እንደምን አደሩ፣ ስሜ ይህ ነው፣ እነዚህ ጓደኞቼ ናቸው፣ ከደቡብ ቬትናም ነው የመጣነው፣ እንድንኖር ፈቃድ እንጠይቃለን። ፈተና ያወጣለት የለም። 50 ቃላት ያነበበለትም የለም። ራሱ ጽፎ፣ ራሱ አጥንቶ መጣ፤ ገባም።

እሱን ተከትለው ብዙ ሺህ የኢንዶቻይና ሰዎች በጀልባም በአውሮፕላንም ሲመጡ የአሮጌው አደረጃጀት ልክ አልበቃ አለ። ጠቅላይ ሚኒስትር ማልኮም ፍሬዘር ፍራንክ ጋልባሊ የተባለ ስመ ጥር የሜልበርን የወንጀል ጠበቃ ጠርቶ መጤዎች ከገቡ በኋላ የሚያገኙትን አገልግሎት መርምር አለው። ሪፖርቱ በ1978 ለፓርላማ ሲቀርብ በእንግሊዝኛ ብቻ ሳይሆን በመጤዎቹ ቋንቋዎችም ታትሞ ነበር። ለሦስት ዓመት 50 ሚሊዮን ዶላር ያህል እንዲመደብ ጠየቀ፤ ዋናው ትኩረትም እንግሊዝኛ ማስተማር ነው። ከዚያ በፊት “መጤው እንደ እኛ ይሁን” ይባል የነበረው፣ ከዚያ በኋላ “ቋንቋችንን ይማር፣ የራሱንም ይያዝ” ወደሚል ዞረ። ኤስቢኤስ ቴሌቪዥን በ1980 የተከፈተው በዚሁ መንፈስ ነው፤ የኛ ሰው ዛሬ “ኤስቢኤስ አማርኛ” እያለ የሚያዳምጠውም የዚያው ቤት ልጅ ነው።

በ1979 ደግሞ ኢሌን ዋይሊና ዴቪድ ኢንግራም የተባሉ ሁለት የቋንቋ ባለሙያዎች የአሜሪካ ዲፕሎማቶች ይለኩበት ከነበረው ሚዛን ተነሥተው ለመጤ የሚሆን ሚዛን ሠሩ። ከዜሮ እስከ አምስት ነው። ዜሮ ምንም የማይችል፣ አምስት እንደ አገሬው የሚናገር። አንድ ሰው ምን ያህል ሰዋስው ያውቃል ሳይሆን በሚያውቀው ምን ሊሠራ ይችላል ብሎ የሚጠይቅ ነው። ጥሩ መሣሪያ ነው። ግን ቁጥር ከመጣ በኋላ ቁጥሩን ተከትሎ ደረጃ፣ ደረጃውን ተከትሎ ቅጽ መምጣቱ አልቀረም።

የኛ ሰዎች የገቡት በዚህ ሰዓት ነው። ከ1974ቱ አብዮት በኋላ ሱዳን የተሻገሩት፣ በካርቱምና በገዳሪፍ ዓመታት የጠበቁት፣ በኋላም በኬንያ በኩል የመጡት በ1980ዎቹና በ90ዎቹ አውስትራሊያ ደረሱ። ብዛታቸው ዋሽንግተን ካለው ጋር አይወዳደርም፤ በ2016ቱ ቆጠራ ኢትዮጵያ የተወለዱት ከ11,000 በላይ ሲሆኑ ከግማሽ በላይ የሚኖሩት በቪክቶሪያ ነበር። ቬትናሞች ማሪቢርኖንግ ካለው የስደተኞች ሆስቴል ወጥተው ገበያ ያቆሙበት ፉትስክሬይ የኛም መናኸሪያ ሆነ። ፎ ከሚባለው የቬትናም ሾርባ መሸጫ ቀጥሎ እንጀራ ቤት፣ ከእንጀራ ቤቱ ቀጥሎ የቬትናም ወርቅ ቤት። ሌሎቹ በፍሌሚንግተንና በኖርዝ ሜልበርን የመንግሥት ፎቆች ገቡ።

ኢትዮጵያዊው ተማሪ ለመምህራኑ እንግዳ ዓይነት ነው። ሁለተኛ ደረጃን የተማረ ከሆነ ፊዚክስና ታሪክ የተማረው በእንግሊዝኛ ነው። ወረቀት ላይ ሲፈተን ያልፋል። ፓሲቭ ቮይስ ሠርተህ አምጣ ቢሉት ከአገሬው ይበልጣል። አውቶቡስ ሹፌሩ ሲያናግረው ግን ይደነግጣል፤ “ቱዴይ” የሚያውቀውን አውስትራሊያዊው “ቱ ዳይ” ብሎ ሲጠራው ሞት የተጠራ ይመስለዋል። በጽሑፍ ጎበዝ በመሆኑ ብቻ “ይህስ ይችላል” ተብሎ ከክፍል የቀረ ጥቂት አይደለም። በሌላው ጥግ ደግሞ ፊደል ያልቆጠረች የገጠር እናት ትቀመጣለች። በመካከል ያለው፣ ፊደል ቆጥሮ ዳዊት የደገመው፣ የራሱ ጣጣ አለበት። እሱ የሚያውቀው ፊደል የተጻፈውን ይናገራል፤ እንግሊዝኛ ግን “ናይፍ” ብሎ ሲጽፍ ከፊት የማይነበብ “ኬ” ያስቀምጣል። አማርኛ “ገዛሁት” ብሎ ድርጊቱንም፣ ገዢውንም፣ የተገዛውንም በአንድ ቃል ይጠቀልላል፤ እንግሊዝኛ ሦስቱንም ለየብቻ ቁጠር ይላል። ግሱን እስከ ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ይዞ መቆየት የለመደ ሰው፣ ግሱን መካከል ላይ ጥሎ መቀጠል ሲኖርበት ሻንጣውን መንገድ ላይ የረሳ ያህል ይሰማዋል።

በ1992 ቁጥር ሕግ ሆነ። እያንዳንዱ መጤ 510 ሰዓት የነፃ ትምህርት መብት አለው፣ ወይም “ለዕለት ኑሮ የሚበቃ” የተባለው ደረጃ ላይ እስኪደርስ፣ ከሁለቱ የቀደመው ይወስናል። ሕፃናት ላሏት እናት በትምህርት ሰዓት ቻይልድኬሩም ነፃ ነው። ይህን የሰማ ሌላ አገር ያለ ስደተኛ ምራቁን ቢውጥ አይገርምም። የፉትስክሬይ ሐበሻም “ፋይቭ ሃንድረድ ቴኔን ጨረስኩ” ሲል እንደ ምስክር ወረቀት ነበር። ችግሩ 510 ሰዓት ለሁሉም እኩል አለመርዘሙ ነው። ዩኒቨርሲቲ ለጨረሰ ሰው ከበቂ በላይ ነው፤ እርሳስ ጨብጦ ለማያውቅ ሰው የመጀመሪያዎቹ ብዙ ሰዓታት ከግራ ወደ ቀኝ መጻፍን፣ መስመር ላይ መቆምን፣ ወረቀት በፋይል ማስቀመጥን በመማር ያልቃሉ። ሰዓቱም ዕድሜ አለው፤ በተወሰነለት ጊዜ ውስጥ ካልተመዘገቡና ካልጨረሱት ይቃጠላል። ሌሊት ክሊኒንግ፣ ቀን ልጅ፣ ሲመሽ ታክሲ የሚነዳ ባል ያላት ሴት መብቷን ሳትጠቀምበት ታልፋለች። በ2000ዎቹ ደቡብ ሱዳናውያን ከካምፕ በብዛት ሲመጡ መንግሥት ይህን አምኖ፣ ከ25 ዓመት በታች ሆነው ትምህርት ላልገፉት እስከ 400፣ ለሌሎቹ እስከ 100 ተጨማሪ ሰዓት ፈቀደ።

በመካከሉ በሩ እንደገና ለአንዳንዱ ተዘጋ። በኦክቶበር 1999 ያለ ቪዛ ገብተው ጥገኝነት ለተረጋገጠላቸው ሰዎች የሦስት ዓመት ጊዜያዊ ቪዛ ተፈጠረ። ስደተኛነታቸው ታምኖበታል፤ ቤተሰብ ማምጣት ግን አይችሉም፣ 510 ሰዓቱም አይመለከታቸውም። ስደተኛ መሆናቸውን ያመነ መንግሥት እንዲናገሩ አልፈለገም። በጁን 2001 ኮን ካራፓናጊዮቲዲስ የተባለ የግሪክ ስደተኞች ልጅ፣ የማኅበራዊ አገልግሎት መምህር ሆኖ ሳለ፣ ከተማሪዎቹ ጋር ፉትስክሬይ ውስጥ አንዲት ጠባብ ሱቅ ከፈተ። መጀመሪያ ምግብ ለማደል ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ ስደተኞችን ከባሕር ያነሣችው የ“ታምፓ” መርከብ ጉዳይ ተነሣና ስደተኛ የምርጫ ዘመቻ ማሟሟቂያ ሆነ። የኮን ሱቅ እየሰፋ የጥገኝነት ጠያቂዎች መርጃ ማእከል ተባለ፤ ሐኪም፣ ጠበቃና የእንግሊዝኛ ክፍል ተጨመሩበት። የሚያስተምሩት ፈቃደኞች ናቸው። መንግሥት ለአንዱ ከፍሎ የሚሰጠውን፣ ለሌላው ሕዝቡ በነፃ ጉልበቱ ሰጠው። ያ ቪዛ በ2008 ሲሻር ማእከሉ አልተዘጋም፤ ፈላጊ አልጠፋምና።

ጁላይ 4 ቀን 2020፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ። ኮቪድ ሜልበርን ውስጥ እየተዛመተ ነው። የፍሌሚንግተንና የኖርዝ ሜልበርን ዘጠኝ የመንግሥት ፎቆች ያለ ማስጠንቀቂያ ተዘጉ፤ ፖሊስ ከበባቸው። ውስጥ ያሉት 3,000 ያህል ሰዎች ናቸው። ከምሥራቅ አፍሪካ የመጣው ብዙ ነው፤ አማርኛ፣ ትግርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ በየፎቁ ይነገራል። ሰው ለምን እንደማይወጣ፣ ምግብ ከየት እንደሚመጣ የሚነግረው በቋንቋው አጣ። ልጆች ያነበቡትን ለእናቶቻቸው ይተረጉሙ ጀመር፤ በየቋንቋው የሚሰራጭ የድምፅ መልእክት ያዘጋጁትም የአካባቢው ወጣቶች ነበሩ። የቪክቶሪያ እንባ ጠባቂ በዲሴምበር ባወጣችው ሪፖርት እንዲህ በድንገት መዝጋቱ የሰዎቹን ሰብአዊ መብት የጣሰ ነው አለች።

ፎቆቹ ከተከበቡ ሁለት ወር ሳይሞላ፣ በኦገስት መጨረሻ፣ ተጠባባቂው የኢሚግሬሽን ሚኒስትር አለን ተጅ በጋዜጠኞች ክበብ ንግግር አደረገ። አገሪቱ ውስጥ እንግሊዝኛ በደንብ የማይችለው ሰው ወደ 1 ሚሊዮን ተጠግቷል አለ። የ510 ሰዓቱ ጣሪያ ይነሣል፤ ሰው እስኪችል ይማር። የሚጠበቀው ደረጃም ከዕለት ኑሮ ወደ ሥራ ቋንቋ ከፍ ይበል። እስከዚህ ድረስ ካልዌል እንኳ ያላሰበው ቸርነት ነው። ከአምስት ሳምንት በኋላ በወጣው በጀት ግን ሌላ ነገር ተሰካ፦ በትዳር ቪዛ የሚመጣ ሰው እንግሊዝኛ መቻሉን ወይም ለመማር መጣሩን ያሳይ፤ ለጥረቱም ወደ 500 ሰዓት መማር በቂ ማስረጃ ይሆናል። ጣሪያ ሆኖ የወጣው ቁጥር ደፍ ሆኖ ሊመለስ ነበር። ይኼኛው ሥራ ላይ ሳይውል ተተወ።

የጣሪያው ሕግ በዲሴምበር ጸድቆ ኤፕሪል 19 ቀን 2021 ሥራ ላይ ዋለ። ከኦክቶበር 2020 በፊት አገር ውስጥ ለነበሩት የጊዜ ገደቡም ቀረ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከሱዳን በኩል የገቡ፣ ሰዓታቸው ከተቃጠለ ሃያ አምስት ዓመት ያለፈ፣ ልጆቻቸውን በሌሊት ክሊኒንግ አሳድገው ለጡረታ የደረሱ የኛ እናቶች እንደገና መመዝገብ ይችላሉ ማለት ነው። የአንደኛዋ እናት የልጅ ልጅ ቅጹን ሞላላቸው። መነጽር ገዙ፤ ደብተርም ገዙ። ክፍል ገብተው በቬትናማዊቷና በሶርያዊው መካከል ተቀመጡ። መምህሯ በሩን ከፈተችና እየከፈተች መሆኗን ተናገረች። ከዚያም ተራው ደረሰና ተነሥተው፣ ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለስ አድርገው፣ ስማቸውንና የመጡበትን አገር ተናገሩ።